ሸምዳጁና እኔ

ኒውራል ኔትወርክ የጨረርን ስሌት ከእጄ ሊወስድ ሲመጣ የተቃወምኩት ለፊዚክስ ተቆርቁሬ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ለራሴም ጭምር። ከዚያ መቆርቆር ምን ያህሉ ለፊዚክስ፣ ምን ያህሉ ለራሴ እንደነበር ዛሬ ልናዘዝ።

ሥራዬ በአየር ንብረት ሞዴል ውስጥ ጨረር የሚሰላበትን ክፍል መንከባከብ ነው። ፀሐይ ለምድር በአማካይ በካሬ ሜትር 340 ዋት ያህል ትሰጣለች። ምድር ከዚህ 240 ያህሉን ትውጥና ያንኑ ያህል በሙቀት ጨረር መልሳ ወደ ጠፈር ትሰዳለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ይህን ሚዛን የሚያዛባው 4 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ዓለም የሚጨነቅባት ቁጥር ይህችው ናት። ችግሩ ያለው ጋዞቹ ዘንድ ነው። የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦዞን ጨረርን የሚውጡት ስፍር ቁጥር በሌላቸው ቀጫጭን መስመሮች ስለሆነ፣ እያንዳንዱን መስመር ለመላው ምድር ማስላት የማይታሰብ ነው። ብዙ ሞዴሎች የሚጠቀሙበት አርአርቲኤምጂ የተባለው ስሌት ነገሩን ለረዥሙ ሞገድ (ለሙቀት ጨረር) ወደ 140፣ ለአጭሩ (ለፀሐይ ጨረር) ወደ 112 የስሌት ነጥቦች አሳጥሮታል። ያም ሆኖ ውድ ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል እንኳ ጨረርን የሚያሰላው በየሰዓቱ፣ ያውም ሞዴሉ ራሱ ከሚሠራበት በሰፋ ፍርግርግ ላይ ነው። በዚህ መሀል ሞዴሉ ውስጥ ያለው ደመና ይሄዳል፤ ጥላው ግን እዚያው ተገትሮ ይቆያል።

መፍትሔው አዲስ አልነበረም። ፍሬዴሪክ ሼቫሊየና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ረዥሙን ሞገድ በኒውራል ኔትወርክ አስልተው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ቭላድሚር ክራስኖፖልስኪና ባልደረቦቹ ለአንድ የአሜሪካ ሞዴል ከ50 እስከ 80 ጊዜ የሚፈጥን ስሌት አቀረቡ። ጽሑፎቹን ያነበብኳቸው እንከን ፍለጋ ነው።

አላጣሁምም። ኔትወርክ ሸምዳጅ ተማሪ ነው እል ነበር፤ ከደብተሩ ውጭ ሲጠየቅ ይጠፋበታል። ይህ እውነት ነው፤ በዛሬው አየር ብቻ የሠለጠነ ኔትወርክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አራት እጥፍ ስለሆነበት ዓለም ቢጠየቅ መልሱ አይታመንም። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ከፍታ ላይ የሚሠራው ጥፋት ነበር። አየሩ ሳስቶ በግፊት ሲለካ ውፍረቱ 1 ሄክቶፓስካል ብቻ የሆነ ንብርብር እንውሰድ። በገባውና በወጣው ጨረር ልዩነት ላይ በካሬ ሜትር 0.1 ዋት ስሕተት ቢፈጠር፣ ንብርብሩ በቀን 0.8 ዲግሪ ያህል በሐሰት ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል። ያው ስሕተት መሬት አጠገብ፣ 50 ሄክቶፓስካል ውፍረት ባለው ንብርብር ላይ ቢወድቅ ልብ የሚለው የለም። ይህን ሥዕል በስብሰባ ላይ ስዘረጋ ድምፄ ከፍ ይል ነበር። የሳይንስ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ልጅ በሌላው መውደቅ የሚሰማው ዓይነት ነበረበት።

ከዚያ የፒተር ኡኮነን ሥራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ለኔትወርኩ የሰጠው የጋዞቹን ድርሻ ብቻ ነው፤ ሙቀት፣ ግፊትና የጋዞቹ መጠን ይገባል፣ ጋዞቹ ጨረርን ምን ያህል እንደሚያግዱ ይወጣል። ጨረሩን በንብርብሮቹ መካከል ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልሰው እኩልታ አልተነካም፤ ስለዚህ የኃይሉ ገቢና ወጪ አሁንም ይመዘናል። ኔትወርኩ የተተካው ታዲያ በምን ቦታ ነው? በሠንጠረዥ። ፊዚክስ እያልኩ የምምልበት ክፍል፣ ቀድሞ የተሰሉ ቁጥሮችን ከሠንጠረዥ ፈልጎ በመካከላቸው ያለውን የሚገምት ነበር። እሱም ሸምዷል። በፎርትራን ስለተጻፈና መውጫ መግቢያውን ስለማውቀው ብቻ እንደ ማስተዋል ቆጥሬው ኖርኩ።

የፈራሁትም ይህንን መውጫ መግቢያ ማጣት ነው። ኮዱ ሲበላሽ የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ፤ መጠራት ደግሞ ደስ ይላል (የማይወደው ካለ ይንገረኝ)።

ከተቃውሞዬ ግማሹን አሁንም አልተውኩም። ለነገ ዝናብ ትንበያ ሙሉውን ስሌት የሚተካ ኔትወርክ ያስኬድ ይሆናል። መቶ ዓመት ለሚሮጥ ሞዴል ግን፣ የምንፈልገው ለውጥ 4 ዋት ሆኖ ሳለ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ኃይል የሚያፈስ ስሌት አልቀበልም፤ ጋዙን ለኔትወርኩ፣ ሚዛኑን ለእኩልታው እላለሁ። ይህ የመካከል መንገድ ትክክል ይመስለኛል። ለእኔም ወንበር የሚተው መንገድ መሆኑ ግን አልጠፋኝም፤ ለእንጀራዬ ባይመቸኝ ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አምንበት ነበር ወይ?

ሰሞኑን ሙሉውን የሚተካ አንድ አዲስ ኔትወርክ ለመፈተን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አራት እጥፍ የሆነበትን አየር አዘጋጅቻለሁ። ፈተናው ከባድ ነው፣ አላዳላሁበትም። እንዲያልፍ ይሁን እንዲወድቅ የምመኘው ግን ገና አልለየሁም።