የአባት ስለት፦ እናስቀምጠው ወይስ እንሥራበት?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከአባት ወይም ከአያት የተረፈ ጩቤ፣ ቢላዋ ወይም ሰንጢ በቤታችሁ አለ? ካለስ የት ነው ያለው? ማዕድ ቤት ሽንኩርት ይከተፍበታል? ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ተቀምጧል? ወይስ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ዓመታት አልፈውታል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባልና ሚስትን ያነታርካል፤ ወንድማማቾችንም ያቀያይማል።

እኔ የምኖረው ሐረር ነው። በከተማችን ሁለቱም ወገን ይታያል። በአንድ በኩል ጁገል አለ። ግንቡንና አምስቱን በሮች፣ ጠባብ መንገዶቹንና ቤቶቹን ዩኔስኮ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በሌላ በኩል ስለት በዚህ አካባቢ ዛሬም የዕለት መሣሪያ ነው። ከገጠር ለገበያ የሚመጣው ሰው ጩቤውን በወገቡ ታጥቆ ታዩታላችሁ። ወደ አፋር ምድር ዝቅ ስትሉ ደግሞ ጊሌ የሚባለው ቆልማማ ስለት ሥጋም ይቆርጣል፣ የወንድም ክብር ነው። አንዱ ለቅርስ የሚያየውን ሌላው ይሠራበታል።

የሚጠብቅ ሰው ሲገኝ

ጁገል ውስጥ በተለምዶ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ የሸሪፍ ሙዚየም ይገኛል። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቡትን ቅርስ በመጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ለሕዝብ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የክልሉ መንግሥት ይህን ቤት ሰጣቸው። በዚያ የእጅ ጽሑፎች፣ የጥንት ገንዘቦች፣ አልባሳትና የጦር መሣሪያዎች አሉ። እርሳቸው የተጎዱ መጻሕፍትን ራሳቸው ይጠግናሉ፣ ይደጉሳሉ። በእምነት ብንለያይም ለዚህ ትጋታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ሁሉም ሰው የአያቱን ዕቃ እስኪያልቅ ቢሠራበት ኖሮ ልጆቻችን ዛሬ ምን ያዩ ነበር?

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ያለው ዕቃ የሚጠርገው፣ የሚጠግነውና ታሪኩን የሚናገርለት ሰው አለው። በየሣጥናችን የተረሳው ስለት ግን ይህ ሁሉ የለውም። ማስቀመጥና መጣል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የማይሳል ስለት ያለ ባለሙያ ያስቀራል

የአገራችን ቀጥቃጭ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ በከሰል እሳትና በወናፍ አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ በውኃ አጥልቆ ስለት ያወጣል። እንዲህ ያለ ብረት በሚገባ ይሳላል፤ ካልተያዘ ግን ፈጥኖ ይዝጋል። እኛ የአያታችንን ቢላዋ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ለማዕድ ቤቱ ከውጭ የመጣውን ብቻ ስንገዛ፣ ብረቱን አቆየን፤ እጁን ግን አጠፋን። የቀጥቃጩ ልጅ ሙያውን ትቶ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የቆየ በደል አለብን። ኅብረተሰባችን የባለሙያውን ቢላዋ እየገዛ ባለሙያውን ግን ቡዳ እያለ ሲያገልል ኖሯል። ከጁገል በሮች አንዱን እንኳ በአማርኛ ቡዳ በር እንለዋለን። በክርስቶስ የሆንን ሰዎች ይህን ስድብ በአንደበታችንም በልባችንም ልናስቀር ይገባናል። በእስራኤል ምድር ቀጥቃጭ በጠፋ ጊዜ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደ ነበር አስታውሱ (1ኛ ሳሙ. 13፥19-20)። ባለሙያውን የናቀ ሕዝብ ነገ ለቢላዋው እንኳ የሰው እጅ ያያል።

የጎልያድ ሰይፍ

በቃሉ ውስጥ ስለ ተቀመጠ ስለት ከሚናገሩት ታሪኮች እኔን የሚያስተምረኝ የጎልያድ ሰይፍ ነው። ዳዊት ከሳኦል ሲሸሽ ወደ ካህኑ አቢሜሌክ መጥቶ መሣሪያ ጠየቀ። ካህኑም ሰይፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኤፉዱ በኋላ መኖሩን ነገረው (1ኛ ሳሙ. 21፥8-9)። ሦስት ነገር እናያለን። ሰይፉ ተጠቅልሎ ነበር፤ ማለትም ተጠብቋል። ካህኑ የማን እንደ ነበረና ማን እንደ ማረከው ያውቅ ነበር፤ ማለትም ታሪኩ አልጠፋም። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ዳዊት ይዞት ሄደ፤ ማለትም ለሥራ ይበቃ ነበር። መጠበቅና መጠቀም በአንድ ሰይፍ ላይ ተስማሙ።

ሌላም ታሪክ አለ። ሙሴ በምድረ በዳ የሠራው የናስ እባብ ለዘመናት ተጠብቆ ኖረ። ሰዎች ዕጣን ማጠን በጀመሩ ጊዜ ግን ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ኛ ነገ. 18፥4)። በአገራችን አራስ ከክፉ መንፈስ ትጠበቃለች ተብሎ ከራስጌዋ ስለት የሚደረግበት፣ ስትወጣም ብረት የምትይዝበት ልማድ አለ። በቤታችሁ ያለው ቢላዋ ለዚህ የቆየ ከሆነ ጥያቄው ይቀመጥ ወይስ ይሥራ አይደለም። ጠባቂያችን ጌታ ነው፤ ቢላዋው ወደ ማዕድ ቤት ይመለስ።

በእኛ ቤት

የባለቤቴ አባት ሲያርፉ ሁለት ስለት ትተው ነበር። አንዱ እጀታው ቀንድ፣ አፎቱ ቆዳ የሆነ አሮጌ ጩቤ ነው። ሁለተኛው ከኪሳቸው የማይለይ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ብርቱካንና ሸንኮራ የሚልጡበት ሰንጢ። ባለቤቴ ሁለቱንም መቆለፍ ፈለገ፤ «ቢጠፋ ሌላ አላገኝም» ነበር ቃሉ። እኔ ሰንጢው ከማዕዳችን እንዳይለይ ፈለግሁ፤ ልጆቻችን አያታቸውን የሚያስታውሱት በእርሱ ነውና። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደግሞ ጩቤውን ለበዓል በግ ማረጃ ይሰጠኝ አለ። ለጥቂት ሳምንታት ቤታችን ቀዘቀዘ።

ተቀምጠን ስንነጋገር ነገሩ ስለ ብረት እንዳልነበረ ገባን። ባለቤቴ የሚናገረው ስለ ሐዘኑ ነበር፤ ወንድሙም እኔም ልጃቸው ነኝ ማለቱ ነበር። ከጸለይን በኋላ እንዲህ ተስማማን። ጩቤው የሠራው ሰው በሕይወት ስለሌለና እጀታው ስለ ተሰነጠቀ ይቀመጥ። ሰንጢው ይሥራ። ለወንድሙ ደግሞ በጋራ ከፍለን ከቀጥቃጭ አዲስ ጩቤ አሠራንለት። ዛሬ በግ የሚታረደው በእርሱ ነው።

ለባለትዳሮች

ስለዚህ የተወደዳችሁ፣ አንድ ዕቃ ስታነሡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ቢሰበር የሚተካው አለ? ካለ ሥሩበት። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አለ? ካለ ዛሬውኑ ጠይቁትና በደብተር ጻፉ፤ የማንነቱ የማይታወቅ ጩቤ ለልጅ ልጅ ተራ ብረት ነው። ስለ እርሱ ቅር የተሰኘ ቤተሰብ አለ? ካለ በመጀመሪያ እርሱን አነጋግሩ።

የምታስቀምጡትን በቆዳ አፎቱ ውስጥ አትተዉት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና ብረቱን ያዝገዋል። ለየብቻ አስቀምጧቸው። ስለቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ስስ ዘይት ቀቡት። እንደ አዲስ እንዲያበራ ብላችሁ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ የፋቃችሁት ብረት አይመለስም። ቀንዱን ከፀሐይ አርቁት። የምትሠሩበትን ደግሞ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ። የሰንጢውን ማጠፊያ አጽዱ፣ ጠብታ ዘይት ስጡት። ሁለቱንም ሕፃናት ከማይደርሱበት አኑሩ።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ መላክ ብትፈልጉ ደግሞ አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል።

ወላጆቻችን የሠሩበትን ሲተዉልን እጃቸውን ነው የተዉልን። ያን እጅ በሣጥን ውስጥ ዝገት እንዳይበላው፣ በመካከላችንም ጠብ እንዳይሆን ጌታ ጥበብን ይስጠን። ቤታችሁን ይባርክ።