ስሙን ጠርተህበታል?

«አንተ ሰው፣ ሥጋ በየሱቁ ሞልቶ ተርፎ ምን አጣሁ ብለህ ነው በኅዳር ብርድ ጫካ ለጫካ የምትንከራተተው?» ይሉኛል ወዳጆቼ። ሆፕኪንስ ሜይንስትሪት ላይ ቡና ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርልኝም። አንዱ «ዘንድሮስ አንበሳ ነው ዝሆን?» ይላል፤ ሌላው ጠረጴዛ እየደበደበ ይፎክርልኛል። እኔም አብሬ ስቄ አልፋለሁ። አንድ ምሽት ያጋጠመኝን ግን እስከ ዛሬ ስቄ ላልፈው አልቻልኩም። እሱን ነው ዛሬ የማጫውታችሁ፤ ከአንባቢ መካከል ለማደን የሚያስብ ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

እዚህ አገር አደን ያስጀመረኝ ጎረቤቴ ነው። ዘሩ ከኖርዌይ የሆነ፣ ዕድሜው ሰባን የዘለለ፣ ንግግር የማያበዛ ሽማግሌ ነው። እኔም በልጅነቴ አባቴ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ድኩላ ሲያድን ስንቅ ተሸክሜ እከተለው ስለነበር፣ «ትመጣለህ?» ሲለኝ ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልኩ።

እነሱ «ዲር» የሚሉትን እንስሳ እኛ በልማድ አጋዘን እንለዋለን። እውነቱን ለመናገር ስሙን ከራሳችን አውሬ ተውሰን ሰጠነው እንጂ ዝርያቸው የተለያየ ነው። የአገራችን አጋዘን፣ ድኩላና ኒያላ ቀንዳቸው አንዴ ከበቀለ ዕድሜ ልካቸውን አይለያቸውም። የዚህ አገሩ ወንድ ግን ክረምት ላይ ቀንዱን ይጥልና በጸደይ እንደገና ማብቀል ይጀምራል። መጽሐፉን ለሚጠይቅ፣ ዋላ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት እንስሳት ጋር ተቆጥሯል፤ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነው። ስለዚህ የሚያከራክረው እንስሳው ሳይሆን አገዳደሉ ነው።

አባቴ ሁለት ነገር አስተምሮኛል። አንደኛው፣ የመታኸውን ሳታገኝ እሳት ዳር አትቀመጥ። ሁለተኛው፣ ቃታ ከመሳብህ በፊት በስመ አብ በል። «ጥይቱ ቢላዋህ ነው፤ ስሙን ካልጠራህበት የጣልከው በክት ነው» ይለኝ ነበር። ከተኮሰም በኋላ ነፍሱ ሳትወጣ ሮጦ ይደርስና አንገቱን በቢላዋ ይባርካል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቢስሚላህ ሳይሉ አይተኩሱም ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ነገሩን እንደ ተራ ልማድ ነበር የማየው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ቀኑ ቅዳሜ ኖቬምበር 10 ቀን 2018 ነበር፤ በእኛ ኅዳር 1 ቀን 2011 ዓ.ም.። ሚኔሶታ ውስጥ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ለኖቬምበር 6 በሚቀርበው ቅዳሜ ስለሆነ፣ ይህኛው የወቅቱ ሁለተኛ ቅዳሜ ነው። ጾመ ነቢያት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ባለቤቴን «የዘንድሮን ቅበላ በአጋዘን ጥብስ ነው የምናደርገው» ብዬ አፌን ሞልቼ ነግሬያታለሁ። ጎረቤቴ ጉልበቱን ታሞ አልጋ ስለያዘ መሄድ አልቻለም። «ብቻህን አትሂድ» አለኝ፤ እምቢ ስለው ደግሞ ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ መኪናዬን የማቆምበትን ቦታ አሳለኝ። ወረቀቱን አጥፎ መነጽሩ ሥር አስቀመጠው። እኔ በልቤ ሳቅሁበት።

ከሆፕኪንስ የሚነሣ ሰው መንገድ አይጠፋውም። ሀይዌይ 169 በከተማችን በኩል አልፎ በኤልክ ሪቨር፣ በፕሪንስተን፣ በሚላካ አድርጎ እስከ ሚል ላክስ ሐይቅ ያደርሳል። እኔ የሄድኩት ከሚላካ በላይ ወዳለው ረም ሪቨር ወደተባለው የመንግሥት ደን ነው። የመንግሥት ስለሆነ ፈቃድ ያለው ሁሉ ያድንበታል። ከመንገዱ ግማሽ ማይል ያህል ገብቼ ጎረቤቴ ባስተማረኝ ዘዴ ዛፍ ላይ ማማ ሰቅዬ፣ ደማቅ ብርቱካናማውን ሰደርያ ለብሼ፣ ገና ሳይነጋ ተቀመጥኩ። አገር ቤት ማሽላ የሚጠበቅበት ማማ ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ እዚህ ወንጭፍ የለም፣ ጩኸትም የለም። ቀኑን ሙሉ ከሽኮኮ በስተቀር የመጣ የለም። ብርዱ ከእግሬ ጣት ጀምሮ እስከ ጉልበቴ ወጣ።

ሰዓቱን በዚህ አገር አቆጣጠር ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሕጉ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ድረስ መተኮስ ይፈቅዳል። ልክ አምስት ሰዓት ላይ፣ ዕቃዬን መሰብሰብ ስጀምር፣ ከረግረጉ ዳር አንድ ወንድ ብቅ አለ። ቀንዱ ስድስት ቅርንጫፍ አለው። ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያሸታል። አንድ እርምጃ ቢጨምር ቁጥቋጦው ሊጋርደው ነው። ጣቴ ደንዝዞ ቃታውን በደንብ አይሰማውም። ተኮስኩ።

እንስሳው ጀርባውን አጉብጦ ዘለለና ወደ ረግረጉ ገባ። ማጎንበሱን ሳይ ልቤ ደነገጠ። ልቡን ወይም ሳንባውን የተመታ እንዲህ አይሆንም፤ ይህ ወደ ኋላ የሄደ ጥይት ነው። ከማማው ወርጄ ቆሞ የነበረበትን ቦታ አየሁ። ደሙ ጥቁር ቀይ ነው። አረፋ ያለው ደማቅ ደም የሳንባ ነው፤ እንዲህ የጠቆረ ደግሞ የጉበት፤ አረንጓዴ ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆነ የሆድ ዕቃ ነው። ጉበቱን የተመታ አጋዘን ይሞታል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው ከተከተሉት ተነሥቶ ሌላ አንድ ማይል ይሮጣል፤ ዝም ካሉት ቅርብ ቦታ ይተኛል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መሮጥ ሳይሆን መቀመጥ ነው። አባቴ ሮጦ የሚደርሰው፣ እኔ ግን ሦስት አራት ሰዓት መጠበቅ አለብኝ።

ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። በጨለማ ባትሪና መሣሪያ አንድ ላይ ይዞ መገኘት ሕጉ በክፉ ዓይን የሚያየው ነገር ስለሆነ ጥይቱን አውጥቼ ጠመንጃውን መኪናው ውስጥ ቆለፍኩበት። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁ። ስልኬን ባየው መስመር የለም፤ ብርዱም ባትሪውን ሊጨርሰው ነው። ባለቤቴን ሰባት ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብዬአታለሁ። ከተማ ድረስ ነድቼ ልደውልላት ወይስ እዚሁ ልቆይ እያልኩ ሳመነታ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በመስተዋቱ ላይ በረዶ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። በረዶው ከጠና ደሙን ይሸፍነዋል። ተኩላም ያለበት አገር ነው፤ ጠዋት ስመጣ የምጠብቀኝ አጥንት ሊሆን ይችላል። ጊዜው ገና ቢሆንም ገመድ፣ ቢላዋ፣ ኮምፓስና አንድ ጥቅል ሶፍት ይዤ፣ ባትሪዬን ግንባሬ ላይ አስሬ ገባሁ።

ሶፍቱ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ደም ባገኘሁበት ሁሉ ቁራጭ ቅርንጫፍ ላይ እሰቅላለሁ። ደሙ ሲጠፋብኝ ዞሬ የሰቀልኳቸውን አያለሁ፤ መሥመራቸው አቅጣጫውን ይነግረኛል። አንዳንዴ በሃያ እርምጃ አንድ ጠብታ፣ አንዳንዴ በአንድ ቅጠል ላይ የጣት አሻራ የምታህል ብቻ። ተንበርክኬ በእጄ የዳሰስኩበትም ጊዜ አለ። ጨረቃዋ ገና ከተወለደች ሦስት ቀኗ ስለሆነ በጊዜ ገብታለች። የረግረጉ ውሃ ላዩ ብቻ ስለረጋ በየእርምጃው ይሰበርና ቁርጭምጭሚቴ ድረስ እገባለሁ።

ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል አገኘሁት። ታማራክ የሚሉት፣ እንደ ጥድ ሆኖ በበልግ ቅጠሉን የሚያረግፈው ዛፍ ሥር ተኝቷል። በረጅም እንጨት ዓይኑን ነካሁት፤ አልተንቀሳቀሰም። ሰውነቱ ገና ይሞቃል፤ ነፍሱ ግን ወጥታለች። ቢላዋዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ምን ልባርክ? ያን ጊዜ ነው የአባቴ ነገር ጆሮዬ ላይ የጮኸው። ስተኩስ በስመ አብ ብዬ ነበር? ቁጥቋጦው ትዝ ይለኛል፤ የደነዘዘው ጣቴ ትዝ ይለኛል፤ ስሙን መጥራቴ ግን ትዝ አይለኝም።

ብቻ የሞተን እንስሳ ጥሎ አይኬድ። መለያ ወረቀቱ ላይ ወሩንና ቀኑን ምልክት አደረግሁ፤ ሆድ ዕቃውን አወጣሁ፤ ቀንዱ ላይ ገመድ አስሬ መጎተት ጀመርኩ። አገር ቤት ቢሆን አዳኝ ብቻውን አይጎትትም። የሰፈር ጎረምሳ በሸክም ይቀባበላል፤ ሴቱ እልል ይላል፤ ሽማግሌው ፉከራውን ሊሰማ ደጅ ይወጣል። እኔ ግን ሃያ እርምጃ ጎትቼ እቀመጣለሁ፤ ሃያ እርምጃ ጎትቼ እቀመጣለሁ። በላብ ተጠመቅሁ። በብርድ ጫካ ውስጥ ላብ ከብርዱ ይብሳል፤ ሲቆሙ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል። መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ቁጥቋጦ እየሸሸሁ ስጎትት የሶፍቱ መሥመር ጠፋኝ። ኮምፓሴን ልይ ብል ኪሴ ባዶ ነው፤ ስንበረከክ አንዱ ቦታ ወድቋል። በዚያች ሰዓት ልጆቼን አሰብኩ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፤ ፈራሁ።

ከዚያ ጥሩንባ ሰማሁ። የመኪና ጥሩንባ፤ ረጅም አንድ ጊዜ። ቀና ብዬ አዳመጥኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና። እኔ ልሄድ ካሰብኩበት በተቃራኒ በኩል ነው። ገመዱን አዙሬ ድምፁን ተከተልኩ።

የመኪና መብራት ሲታየኝ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። በኖቬምበር 2004 ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ከሴንት ፖል የሄደ የሞንግ ተወላጅ አዳኝ በሰው መሬት ላይ ባለ ማማ ሰበብ ከሌሎች አዳኞች ጋር ተጋጭቶ ስድስት ሰዎች በጥይት መሞታቸውን እዚህ የምንኖር መጤዎች አንረሳውም። እኔም እጄ እስከ ክርኔ ደም የሆነ፣ ቢላዋ የታጠቅሁ ጥቁር ሰው ከጨለማ ልወጣ ነው። ከሩቅ «ሄሎ!» እያልኩ፣ ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ ወጣሁ። ጢማም ሰውዬ ነው። «የሆፕኪንሱ አንተ ነህ?» አለኝ፤ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

ለካ ባለቤቴ ስምንት ሰዓት ላይ የጎረቤቴን በር ደብድባለች። ሽማግሌው ያን ያሳቀኝን ወረቀት አውጥቶ በዚያ አካባቢ ለሚኖር የድሮ ባልንጀራው ደወለ። ሰውዬው መኪናዬን አገኘና ሞተሩን ሲነካው ቀዝቅዟል፤ ስለዚህ እዚያው ቆሞ በየአምስት ደቂቃው ጥሩንባውን ይነፋ ነበር። አጋዘኑን አንሥተን ጫንን። ልከፍለው ብል ሣቀብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴ ዘንድ ቀረብኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። «ስሙን ጠርተህበታል?» አሉኝ። «አላስታውስም አባ» አልኩ። «ስትደርስ ነፍስ ነበረው?» «አልነበረውም።» ጥቂት ዝም አሉ። «የተጠራጠርከውን አትብላ፤ ግን እንዳትጥለው፣ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው» አሉኝ። ባለቤቴ ገና ድሮ ቆርጣለች፤ በርበሬና ቅቤ ያወጣችውን መልሳ ቁምሳጥን አስገብታ ነበር።

ሥጋውን ለጎረቤቴ ሰጠሁት። ግማሹን ለጥሩንባው ሰውዬ ላከለት። ቅበላችንን በሱቅ በግ አደረግን። ሽማግሌው በዓመቱ ጥር ላይ ሾርባ ሠርቶ ጠርቶኝ ነበር፤ አብሬው ተቀምጬ ዳቦውን ብቻ በላሁ። ለምን እንደሆነ ሳስረዳው «አባትህ ትክክል ነው» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ማደን የምትፈልጉ ካላችሁ ሕጉን አስቀድማችሁ እወቁ። ከ1979 በኋላ የተወለደ የመሣሪያ ደኅንነት ትምህርት ይፈለግበታል። የገደላችሁትን በ48 ሰዓት ውስጥ አስመዝግቡ፤ በስልክ ይቻላል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከሄዳችሁም የምትቆሙበትን ቦታ በወረቀት ስላችሁ ለሰው ስጡ። ኮምፓሳችሁን አንገታችሁ ላይ እሰሩ። ብርሃን ሲያልቅ፣ እጅ ሲደነዝዝ፣ እንስሳው ሊያመልጥ ሲል የተተኮሰ ጥይት ሌሊቱን ሙሉ ያስከፍላል።

እኔ አሁን ስሙን የምጠራው ቃታ ስስብ አይደለም። ያኔ ልቤ እንደሚዘነጋ አውቄዋለሁ። ገና ማማው ላይ ስወጣ ድምፄን አውጥቼ እላለሁ፤ አጋዘን ቢሰማኝም ይስማኝ። እንስሳው ሲመጣ ደግሞ እደግመዋለሁ። መድገሚያ ጊዜ ካጣሁ ተኩሱን እተወዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲሁ ባዶዬን ተመልሻለሁ፤ ወዳጆቼም ሜይንስትሪት ላይ ሲስቁብኝ ከርመዋል።

ቸር እንሰንብት።