በግራ እግሬ ብቻ ስመዘን

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በቢሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የቢቱዋኽ ሌኡሚ ወረቀት ስሞላላችሁ፣ ወይም ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ስተረጉምላችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ግን ዓርብ ጧት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በቤርሼባ ዳርቻ በብስክሌት ስሮጥ አይታችሁኛል። አንዲት እናት ይህን አይተው ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ መኪናሽ ተበላሸብሽ እንዴ?» ብለው በሐዘኔታ ጠይቀውኛል። መኪናዬ አልተበላሸም። ትሪያትሎን ለሚባል ስፖርት እየተለማመድሁ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ በዚያ ብስክሌት ላይ ስለገጠምሁት አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለ ብስክሌት ዕቃ ምን አገባት የምትሉ ትኖራላችሁና ጥቂት ታገሡኝ።

ትሪያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳያርፉ በተከታታይ የሚደረጉበት ውድድር ነው። በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ2000 በሲድኒ ነበር። እኔ የጀመርሁት አባቴን ስኳር በሽታ ሲይዛቸው ነው። ከኢትዮጵያ ስንመጣ ስኳር በመካከላችን ብርቅ ነበር፤ እዚህ ነጩ ዳቦና ጣፋጩ መጠጥ ሲበዛ፣ መንገዱም በአውቶቡስ ሲሆን፣ በሽታው ቤታችንን ለመደው። ሐኪሙ ለአባቴ «ይንቀሳቀሱ» ሲላቸው እኔም አብሬ ተነሣሁ። አባቴ በየቀኑ በእግር ይሄዳሉ፤ እኔ ነገሩን አበዛሁት። ዋና የተማርሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር በአንድ ገንዳ ውስጥ ነው። ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁንም ስሜን ሲጠሩብኝ ያፍረኛል።

መሣሪያው በዕብራይስጥ «ማድ ሄስፔክ» ይባላል፤ የኃይል መለኪያ ማለት ነው። ፔዳሉን ስንረግጠው ብረቱ በዓይን የማይታይ ያህል ይጎብጣል። በውስጡ የተለጠፈ ስስ ነገር ያችን ጉብጠት ይለካል። መሣሪያው የእግሩን ጉልበት፣ ፔዳሉን የተሸከመውን ክንድ ርዝመትና የአሽከርክሪቱን ፍጥነት አባዝቶ በዋት ይናገራል። ዋት ከአምፖል የምታውቁት ያው ዋት ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪኽ ሾበረር በ1986 ይህን ዓይነት መለኪያ ለብስክሌት ሲሠራ የታላላቅ ተወዳዳሪዎች ዕቃ ነበር፤ ዛሬ እንደኔ ያለ ሰው ያገለገለ ገዝቶ ይገጥመዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፍጥነት ያታልላል፤ ነፋስ ከኋላ ሲገፋን ጀግና እንሆናለን፣ ዳገት ሲመጣ እንሰንፋለን። ዋቱ ግን በዳገትም በሜዳም አንድ ነው። በትሪያትሎን ደግሞ ከብስክሌቱ በኋላ ሩጫ ስላለ፣ ጉልበቱን ቆጥቦ የማያወጣ ሰው ሩጫው ላይ ይቀጣል።

የገዛሁት የግራ ፔዳል ብቻ ነው። በሁለቱም እግር የሚለካው በጣም ውድ ነበር። የግራው ብቻ ሲሆን መሣሪያው ግራ እግርን ይለካና በሁለት ያባዛዋል፤ «ሌላውም እግር እንዲሁ ነው» ብሎ ይገምታል ማለት ነው። ሻጩ ይህን ነግሮኛል፤ ሰምቼ አለፍሁት።

መግጠሙ ራሱ አላስቸገረኝም። የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ክንዱን ያበላሸዋል። ጥርሱን ጠርጌ፣ ግራሶ ቀብቼ አጠበቅሁት። ከዚያ በመሪው ላይ ካለችው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። እያንዳንዱ መለኪያ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ያን ቁጥር ሳላመሳክር አንድ ቀን ከቡድኑ ጋር ስወጣ ኮምፒውተሬ አጠገቤ የነበረውን ጎረምሳ ፔዳል ያዘች። ለአሥር ደቂቃ ያህል 260 ዋት እያወጣሁ ኦሎምፒክ ልሄድ ነበር።

ቀጥሎ ልክን ማወቅ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሊይዘው የሚችለውን ከፍተኛ ኃይል ለማወቅ ብስክሌተኞች የሚያደርጉት የተለመደ ፈተና አለ፤ ሰውነትን ካሟሟቁ በኋላ 20 ደቂቃ ባለ በሌለ ጉልበት መርገጥ፣ የዚያን አማካይ ወስዶ 95 በመቶውን መያዝ። ይህን ፈተና ያደረግሁት በአሠልጣኜ አዳራሽ፣ ብስክሌቱ ባለበት ቆሞ በሚሽከረከርበት ማሽን ላይ ነው። አማካዩ 200 ዋት ሆነ፤ ልኬ 190 ነው ተባለ። ማሽኑ የሁለቱንም እግር ኃይል በአንድነት የሚለካ መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልሁም። በአንድ ሚዛን ተመዝኜ በሌላ ሚዛን ልገበያይ ነው የወጣሁት።

በ2023 ጃንዋሪ በኤላት በሚደረገው ኢስራማን የግማሹን ርቀት ገባሁ፤ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ። የብስክሌቱ መንገድ ከከተማው ወደ ተራራው ይወጣል። ዕቅዴ 145 ዋት ይዤ መሄድ ነበር፤ ከልኬ ሦስት አራተኛ ገደማ፣ ለዚህ ርቀት አስተማማኝ የሆነ። ቁጥሩንም ይዤ ሄድሁ። ልቤ ግን እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ነፋሱ ነው፣ ፍርሃቱ ነው አልሁ። ቁጥሩ 145 እያለ ልቤን እንዴት ልመን? ከብስክሌቱ ስወርድ እግሮቼ የእኔ አልነበሩም። ከሩጫው ዘጠኝ ኪሎ ሜትሩን በእግር ተራመድሁ። አባቴ መጨረሻው ላይ ነጠላቸውን ለብሰው ቆመው ነበር። ሌሎቹ ሲገቡ እያጨበጨቡ፣ እኔን ሲያዩ ዝም አሉ።

ለሦስት ሳምንት ብስክሌቱን አልነካሁትም። ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም ብዬ ቆረጥሁ። በተለይ ግራ እግሬን ጠላሁት። በቋራ ሳለሁ፣ በስምንት ዓመቴ፣ ከበቅሎ ወድቄ ግራ እግሬ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ በቀርከሃ አሥሮ አዳነኝ። እሄዳለሁ፣ እሮጣለሁ፤ ነገር ግን ከቀኙ እንደቀጠነ ቀርቷል።

አባቴ በቋራ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር፤ የወናፉን ድምፅ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። አንድ ቀን ሰገነት ላይ የቆመውን ብስክሌት እያገላበጡ፣ «ይህ ነገር እንዴት ነው የሚመዝንሽ?» አሉኝ። ስለ ብረቱ መጉበጥ ነገርኋቸው። ሳቁ። «ብረት ሲጫኑት እንደሚጎብጥ እኔ አላውቅምና ነው? ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም አንድ አይደለም። ይልቅ ቁናውን አይተሻል?» አሉ። ገበያ ሲወጡ ከእህሉ በፊት የነጋዴውን ቁና ገልብጠው ያዩ ነበር። አሁንም ብስክሌቱን ገልብጠው ክንዱን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «እዚህ ቁጥር ተቀርጿል» አሉኝ። 170 ይላል፤ የክንዱ ርዝመት በሚሊሜትር። የመሣሪያውን ማስተካከያ ከፍቼ አየሁ፤ የቀድሞው ባለቤት የሞላው 165 ነው። በዚህ ብቻ መሣሪያው ከኃይሌ 3 በመቶ ይሰርቀኝ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ሁሉን መመርመር ያዝሁ። ከጓደኛዬ በሁለቱም እግር የሚለካ ፔዳል ተውሼ ብነዳ፣ ግራ እግሬ 46፣ ቀኙ 54 ከመቶ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ አስሉት። የኔ መሣሪያ 46ን በሁለት ያባዛና 92 ይላል። በላዩ ላይ የክንዱ ስሕተት ሲጨመር 89 ገደማ። በኤላት ተራራ ላይ 145 ሲለኝ እኔ የማወጣው 162 ያህል ነበር። ሰነፍ አልነበርሁም፤ ከልክ በላይ እየሠራሁ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ1999 የመጣን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት አንዲት ሴት ፊት አስቀምጠው በዕብራይስጥ ፈተኑኝ። ሥዕል እያሳየች ትጠይቀኛለች፤ ቃሉን አላውቀውም፣ ዝም እላለሁ። ለሚዘገዩ ልጆች ክፍል እንድገባ ተወሰነ፤ አባቴ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ፈረሙ። በማግሥቱ ዓመት ሌላ አስተማሪ አማርኛ የምታውቅ መጋሸሬት አጠገቤ አስቀምጣ ያንኑ ጥያቄ አስጠየቀችኝ። ቋራ ውስጥ የአባቴን ሒሳብ የምይዝ እኔ ነበርሁ፤ ሁሉንም መለስሁ። ያለኝን ሁሉ ሳይሆን አንድ እግሬን ብቻ፣ ያውም የተሰበረውን ለክተው፣ በሁለት አባዝተው ነበር የፈረዱብኝ። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ አምኛቸው ነበር፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ለልዩ ትምህርት ሊመደብ ነው ተብላችሁ ስትጠሩ (ከ2018ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ኮሚቴው «ቫዓዳት ዛካኡት ቬኢፊዩን» ይባላል) ሐሳባችሁን የመናገር መብት አላችሁ። ልጁ በምን ቋንቋ ተፈተነ? አስተርጓሚ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። ያልገባችሁን አትፈርሙ። እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ እርዳታውም ለብዙዎች ጠቅሟል። ቁናው ግን ይታይ።

ወደ ብስክሌቴ ልመለስ። ርዝመቱን 170 ብዬ አስተካከልሁ። ሁለቱን ፔዳሎች ለመግዛት አቅሜ ስላልፈቀደ ፈተናውን እንደገና አደረግሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን በዚያው በግራው ፔዳል፣ እዚያው በምለማመድበት መንገድ ላይ። ልኬ 175 ወጣ። ከ190 ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ሚዛኑ አንድ ስለሆነ ዕቅዴ ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆማል፤ የግራ እግሬም ድካም አብሮ ተቆጥሯል። ስሕተት ያለበት መለኪያ ስሕተቱ ሳይለዋወጥ ከቆየ ያገለግላል። የጎዳኝ በአንዱ ተፈትኜ በሌላው መንዳቴ ነው።

ደግሞ ዜሮው አለ። ከመነሣቴ በፊት ብስክሌቱን ውጭ አውጥቼ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ፤ አባቴ እንዳሉት ብረቱ ከቤቱ ሙቀት ወደ ደጁ ብርድ ሲወጣ ይለወጣልና። ከዚያ እግሬን አንሥቼ፣ ክንዱን ቀጥ አድርጌ ወደ ታች አቆምና ኮምፒውተሩን «ይህ ዜሮ ነው» እለዋለሁ። ምንም ክብደት በሌለበት ጊዜ ዜሮ መሆኑን ካላወቀ፣ ከዚያ በኋላ የሚለው ሁሉ የተዛባ ነው። አዲስ ፔዳል የገጠመ ሰው ደግሞ ጥቂት ጊዜ በኃይል ረግጦ ዜሮውን ቢደግም ይሻላል፤ ብረቱ ቦታውን ይይዛል። አማካዩን ስታዩም ሳትረግጡ የተንሸራተታችሁባቸው ዜሮዎች መቆጠራቸውን አረጋግጡ፤ ያለዚያ ቁልቁለት ላይ ያረፈ ሰው ጀግና ሆኖ ይገኛል።

ጦርነቱም ሥራውም ልምምዴን ብዙ ጊዜ አቋርጠውታል። አሁን ግን ወደ ኤላት ለመመለስ እየተዘጋጀሁ ነው። ዓርብ ጧት ብስክሌቱን ሳወጣ አባቴ ሰገነት ላይ ቡናቸውን ያለ ስኳር ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ቸኩዬ ሳልፍ፣ «ልጄ፣ ዜሮ ብለሽዋል?» ብለው ከላይ ተጣሩ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ተመልሼ ወረድሁና ክንዱን ቀጥ አድርጌ አቆምሁት።