ሳንቆጥር የሞላነው ቅጽ

እኛ የጤና ተማሪዎች ስለ አስተዳደር፣ ስለ በጀትና ስለ ግዥ ሲነሣ ማዛጋት ይቀናናል። ሰው የሚያድነው ሐኪም ነው፤ ቅጽ መሙላትና ማኅተም መምታት የጸሐፊ ሥራ ነው እንላለን። ይህንኑ ሐሳብ ይዘን ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ለመስክ ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ተላክን።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ረጋ ያሉ አዛውንት ነበሩ። በየሁለት ወሩ የሚላከውን የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ሰጡንና፣ «ልጆቼ፣ ቢን ካርዱን አትመኑ፤ ገብታችሁ ቁጠሩ» አሉን። ቤቱ ይሞቃል፤ አቧራው ያስነጥሳል፤ የቡናውም ሰዓት ደርሷል። «እሺ ጋሼ» አልንና ከካርዱ ላይ ገልብጠን ሰጠናቸው።

በሐምሌ ስንመለስ ክረምቱ ተቅማጥ አብዝቶ ነበር። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ቆማ፣ «ኦ.አር.ኤስ. አልቋል እኅቴ፣ ከውጭ ግዢ» ሲሏት ሰማን። ገንዘብ እንዳልያዘች ከፊቷ ይታወቅ ነበር። አዋጥተን ሰጠናት፤ ከኋላዋ ለተሰለፉት ግን ምን እናድርግ?

አዛውንቱ አልተቆጡንም። ቅጹን አውጥተው አሳዩን እንጂ። ጽሕፈቱ የእኛው ነው።

ሒሳቡም ይህ ነው። መጀመሪያ 400 ከረጢት ነበረ፤ 600 ገባ፤ በመደርደሪያው የቀረው 100 ነበር። እንግዲህ የሁለት ወሩ ፍጆታ 900 ነው። ጤና ጣቢያ የአራት ወር ክምችት ሊይዝ ስለሚገባ ፍጆታው በሁለት ተባዝቶ 1,800 ይሆናል፤ በእጅ ያለው 100 ሲቀነስ መጠየቅ የነበረብን 1,700 ነው። ካርዱ ግን 300 ከረጢት ወጥቶ ሳይመዘገብበት ስለቀረ ቀሪ 400 ይል ነበር። እኛም ፍጆታው 600 ነው ብለን 800 ብቻ ጠየቅን። በቆጠራ 300 ተሳስተን በጥያቄ 900 አጎደልን!

ነገሩ በአንድ ጤና ጣቢያም አያበቃም። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት የአገሩን ፍላጎት ሲገምት ከታች የሚመጣለትን ቁጥር ይዞ ነው። ጨረታ ይወጣል፤ የውጭ ምንዛሪ ይጠየቃል፤ ዕቃው በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ከሽያጭ የሚመለሰውም ገንዘብ በተዘዋዋሪ ፈንድ ሌላ መድኃኒት ይገዛበታል። ቁጥሩ ሐሰት ከሆነ ገንዘቡ በማይፈለገው ዕቃ ላይ ይታሰራል፤ ይህ በመጋዘን ጊዜው ሲያልፍ፣ የሚፈለገው ከመስኮቱ ይጠፋል።

ጓደኞቻችን ሆይ! መድኃኒት ጠፋ ሲባል ባለሥልጣኑን እንከስሳለን፤ ብዙ ጊዜም የሚገባው ነው። ጨረታውን ያዘገየ፣ በጀቱን ያጓተተ ይጠየቅ። ይሁን እንጂ ነገ ከእኛ አንዱ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ አንዱ የግዥ ሠራተኛ፣ አንዱም ሒሳብ ሹም ይሆናል። ያን ጊዜም ቤቱ ይሞቃል፤ የቡና ሰዓትም ይደርሳል። ያቺን እናት ያየን እኛ ግን ሳንቆጥር ላንፈርም ተማምለናል። እናንተም ከዚህ መሐላ እንድትገቡ እንለምናችኋለን።