ወደ ካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሄድ ስንሰናዳ

ሰው ወደማያውቀው ታላቅ ከተማ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ስንቁና ስለ ልብሱ ነው። ነገር ግን ከስንቅም ከልብስም በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም የምንሄደው ምን ለማየት ነው? ከመካከላችንስ ደካማው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ሳይመልሱ መነሣት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለውን ተረት በራስ ላይ መፈጸም ነው።

እኛ ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። ከብዙ ዘመን በፊት ቤተ ሰባችን ከጎጃም ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ የመርካቶ ግርግር ታናሽ ወንድማችንን ከእጃችን ነጥቆ ወሰደው። ልጁ ያን ጊዜ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረ። ያረፍንበትን ሰፈር ስም የነገረው አልነበረም፤ ብንጠፋፋ የት እንገናኛለን ብሎ ያሰበም ከእኛ ወገን አልተገኘም። ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስንፈልገው ዋልን፤ በመጨረሻ አንዲት በርበሬ ነጋዴ እናት ከአጠገባቸው አስቀምጠው ቆሎ ሲያበሉት አገኘነው። እናታችን ያን ዕለት ያለቀሱት ልቅሶ እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሯችን አልወጣም።

አሁን ደግሞ ከመርካቶ ይልቅ እጅግ ወደሚሰፋው ከተማ ለመሄድ ተነሥተናል። የጉዞው ምክንያትም እኒያው እናታችን ናቸው። ተወልደው ያደጉት በሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ አቅራቢያ ነው። በልጅነታቸው ከዚያ ጠበል ጠጥተዋል፤ ውኃውም እየሰፋ ሄዶ እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደችበት አገር እንደሚያልፍ አባታቸው ነግረዋቸው ነበር። ሰባ አራተኛ ዓመታቸውን በያዙ ጊዜ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ይህ ውኃ የሚሄድበትን አገር፣ እመቤቴም ያረፈችበትን ስፍራ ሳላይ መሞት አልፈልግም» አሉን።

ጉልበታቸው ግን ደክሟል፤ ሐኪሙም ረጅም መንገድ በእግር እንዳይሄዱ መክሯቸዋል። ታላቅ ወንድማችን፣ «በዙሪያው ካሉት ሰፈሮች ጋር ከሃያ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ከተማ ለእማማ ጉልበት አይሆንም፤ አንድ ነገር ቢደርስባቸው ማን ይጠየቃል?» ሲል ተቃወመ። እኅታችን በበኩሏ፣ «ዛሬ ካልሄዱ መቼ ይሄዳሉ?» አለች። ሁለቱም የተናገሩት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ የሁለቱም ቃል እውነት ነበረ። ስለዚህ ክርክሩን ትተን፣ ጉዞው በእናታችን አቅም ልክ ይሰፋ እንደ ሆነ ለመመርመር ተስማማን።

ካይሮን ዐረቦች «አል ቃሂራ» ይሏታል፤ ድል አድራጊዋ ማለት ነው። የፋጢማ ወገን ነገሥታት የመሠረቷት በአውሮፓ አቆጣጠር በ969 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሮማውያን የሠሩት የባቢሎን ምሽግ በዓባይ ዳር ቆሞ ነበር፤ የግብፅ ክርስቲያኖች ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትም የሚገኙት በዚያው ምሽግ ውስጥና በዙሪያው ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህች አገር ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ከተቀበሉበት ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ 1600 ዓመት ያህል ጳጳሶቻችን የሚመጡት ከግብፅ ነበረ። አቡነ ባስልዮስም በጥር ወር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በሰኔ ወር 1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት በዚያው በካይሮ ነው።

ወጣቶቹ የቤታችን ልጆች በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ በአምስት ቀን የሚታዩ አሥራ አራት ስፍራዎችን ጽፈው አመጡ። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ካስነበቡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ከእነዚህ ሁሉ ቁጭ ብዬ የምጸልየው በየትኞቹ ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረንም። ያ ወረቀት ያን ዕለት ተቀደደ፤ በምትኩም «ለአንድ ቀን አንድ ታላቅ ስፍራ፤ ከቀትር በኋላ ዕረፍት» የሚል ደንብ አወጣን። ይህ ደንብ ለሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ሕፃናትን ይዞ ለሚሄድ ቤተ ሰብም የሚበጅ ይመስለናል።

ቀጥሎ ወራቱን መረጥን። በካይሮ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ሙቀት ብርቱ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ ለመንገደኛ የተስማማ ነው። እኛም ከጥምቀት በኋላ ያለውን ሳምንት ያዝን። ሌሊቱ ስለሚበርድ የእናታችን ጋቢ ከሁሉ በፊት በሻንጣው ገባ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን እንደ እኛ 13 ወር ስለምትቆጥር ልደትና ጥምቀት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላሉ፤ ዓመቱን ግን ከሰማዕታት ዘመን ጀምራ ስለምትቆጥር ቁጥሩ ከእኛ በ276 ያንሳል። የአገሩ የዕረፍት ቀኖች ዓርብና ቅዳሜ ሲሆኑ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ዓርብ ጧት መንገዱ ጸጥ ይላል፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ከእሑድ ሌላ በዓርብ ይቀድሳሉ።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ብዙ አንናገርም። ቪዛውን አስቀድሞ መጠየቅ፣ የፓስፖርቱም ዘመን ከስድስት ወር የማያንስ መሆኑን መመልከት ያሻል። የእናታችን መድኃኒት ከሐኪሙ ወረቀት ጋር በእጅ ቦርሳ እንጂ በትልቁ ሻንጣ አይገባም፤ በረራው አራት ሰዓት ያህል ቢሆንም ሻንጣ ሊዘገይ ይችላልና። ገንዘባችንንም በሦስት ሰዎች እጅ ከፈልነው።

ከሁሉ ይልቅ የተጨነቅንበት ነገር የማረፊያው ምርጫ ነበረ። ካይሮን የሚያውቁ አንድ አባት፣ «ርካሽ ቤት ፍለጋ ከባቡሩ አትራቁ» ብለው መከሩን። በ1980 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የካይሮ የምድር ውስጥ ባቡር በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። አንደኛው መሥመር ለእኛ እንደ ተዘረጋ ያህል ነው፤ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት በማር ጊርጊስ፣ ማለት በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም በተሰየመው ጣቢያ ይቆማል፤ በከተማው እምብርት በተሕሪር አደባባይ ያልፋል፤ የእመቤታችን ዛፍ ወዳለበት ወደ መጠሪያም ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ መሥመር አጠገብ ያለ፣ አሳንሰር ያለው ማረፊያ ያዝን።

በባቡሩ መካከል ያሉት ፉርጎዎች ለሴቶች ብቻ የተለዩ ናቸው። እናታችንና እኅታችን በዚያ ሲሳፈሩ ወንዶቹ በሌላ ፉርጎ ስለሚሆኑ፣ የመርካቶው ቀን ትዝ አለንና በብርቱ ቃል ተዋዋልን። የማረፊያው ስምና ሰፈር በዐረብኛ የተጻፈበት ወረቀት በየሰዉ ኪስ ይሆናል። ባቡሩ ይዞት የሄደ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ ይጠብቃል፤ ከታች የቀረ በሚመጣው ባቡር ይከተላል። እናታችን ግን ቢለያዩ ካሉበት ስፍራ አይነቃነቁም፤ የምንመለሰው እኛ ነን። ያ በመርካቶ የጠፋው ወንድማችን፣ ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ፣ ይህን ውል በገዛ እጁ ጽፎ ለሁላችን አደለ።

የመጀመሪያው ቀን ለአሮጌው ካይሮ ተመድቧል። ከጣቢያው ሲወጡ ምሽጉ ከፊት ለፊት ነው። «አል ሙዓለቃ» ወይም የተንጠለጠለችው የምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የታነጸችው በምሽጉ የደቡብ በር ላይ ስለ ሆነ ወደ እርስዋ የሚወጣው በ29 ደረጃ ነው። ይህን በነገርናቸው ጊዜ እናታችን፣ «29 የባለ ወልድ ቁጥር አይደለምን? እወጣዋለሁ» አሉ። በውስጧም በጻድቁ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመ ትንሽ ቤተ ጸሎት ይገኛል፤ ከሰው አገር ገብቶ የአገርን ጻድቅ ስም ማግኘት ምን ያህል ልብን እንደሚያሞቅ አንባቢ ይገምተው።

ከዚያ ጥቂት አልፎ የቅዱስ ሰርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከመቅደሱ በታች በምድር ውስጥ የተሠራ ዋሻ መሰል ስፍራ ሲኖር፣ እመቤታችን፣ ሕፃኑና ዮሴፍ ያረፉበት እንደ ሆነ ከጥንት ጀምሮ ይታመናል። በቀድሞ ዘመን ዓባይ በሞላ ጊዜ ውኃው ከምድር በታች እየገባ ይህን ስፍራ ያጥለቀልቀው ነበር። ወደ ግብፅ ከሚወርደው ውኃ የሚበዛው ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚፈስ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እናታችን ይህን ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ውኃችን ከእኛ ቀድሞ ተሳልሟል» አሉ። ታላቅ ወንድማችን ከዚያ ሰዓት በኋላ ተቃውሞውን አላነሣም።

የቀሩትን ቀኖች በአጭሩ እንንገር። በሁለተኛው ቀን መጠሪያን እንሳለማለን። በሦስተኛው ወደ ዓባሲያ ሄደን፣ በሰኔ ወር 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀውን የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል እናያለን። አራተኛው የፒራሚዶቹ ቀን ነው፤ ዕድሜያቸው 4500 ዓመት ያህል ሲሆን፣ የታላቁ ቁመት በጥንቱ 146 ሜትር ነበረ። በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. በይፋ የተመረቀው ታላቁ የግብፅ ሙዚየምም ከዚያው አጠገብ ነው። በአምስተኛው ቀን ወጣቶቹ የኻን አል ኸሊሊን ገበያ ሲያዩ እናታችን ያርፋሉ።

ስለ ምግብ የሚያሳስብ ነገር የለም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ካይሮ የተመቸች ናት። በዘይት የሚቀርበው ፉል፣ ከባቄላ ተፈጭቶ የሚጠበሰው ጣዕሚያ፣ ሩዝና ምስር፣ ፓስታና ሽምብራ ከቲማቲም ስልስና ከተጠበሰ ሽንኩርት ጋር የሚቀላቀሉበት ኩሸሪ ሁሉም በየመንገዱ ይሸጣሉ። በጾመ ነቢያት የሚሄድ ሰው ግን ግብፃውያን ወንድሞቻችን ዓሣ ሲበሉ ቢያይ አይደንግጥ፤ በዚያ ጾም ቤተ ክርስቲያናቸው ዓሣን ትፈቅዳለች። እንደዚሁም ሕዝቡ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይታያል፤ ጫማ የሚወልቀው ወደ መቅደሱ ሲቀርቡ ነው። ቅዳሴው በቅብጥና በዐረብኛ ቢሆንም «ኪርያላይሶን» ሲባል ሁላችንም እንሰማዋለን።

መንገድ መሻገር በዚያ ከተማ ትልቅ ፈተና ነው፤ መኪናው ብዙ፣ የሚያቆመውም መብራት ጥቂት ነው። ያ አባት እንዳሉን «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ነውና፣ የአገሩ ሰው ሲሻገር ከጎኑ ሆኖ መሻገር ይበጃል። ለትንሽ ትንሹ አገልግሎት «በቅሺሽ» የሚባል ጉርሻ ስለሚጠየቅ ዝርዝር ገንዘብ በቀላሉ ከሚገኝ ኪስ ማድረግም መልካም ነው።

ይህን ስንጽፍ ለጉዞው ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። እናታችን በየጧቱ ከኪዳን በኋላ በደብራችን ደረጃ ላይ መውጣትን ይለማመዳሉ፤ ክንዳቸውን የሚደግፈው ያ የተቃወመው ታላቅ ወንድማችን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ደረጃ ወጥተው ዐረፉ፤ ትናንት ሃያ ዘጠኝ ቈጠሩ። ወደ ታች ወደ ዋሻው ለመውረድ ጉልበታቸው ይበቃ እንደ ሆነ ግን ገና አናውቅም። ስለዚህም ቢሆን ተነጋግረናል፤ ባይችሉ ማንም አይገፋፋቸውም፣ ማንም አያዝንባቸውም። እርሳቸው ራሳቸው፣ «ከደጁ ከደረስኩ ደርሻለሁ፤ የቀረውን እናንተ ወርዳችሁ ንገሩኝ» ብለውናል።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሄደን እንመለሳለን። እናንተም ከቤታችሁ ሰው ጋር ወደማታውቁት ታላቅ ከተማ ስትሰናዱ፣ ከካርታው በፊት የደካማውን እግር ተመልከቱ፤ ጉዞውን በዚያ ልክ የቈረጠ ቤተ ሰብ ሁሉም አብሮ ይደርሳልና።