ከሰቲት ዳር እስከ ገዳሪፍ ፤ ስለ ትንሿ ባቡርና ስለ ማዕድኖቿ

ተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ ወደ ጠረፍ ሲቃረብ ሰቲት ይባላል። ወድ ኤል ሒለውም በሱዳን ምድር በዚሁ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ የጠረፍ ከተማ ናት። ወንዙ ከዚያ አልፎ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል ፤ አትባራም ከዓባይ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ በስሙ የምትጠራ ከተማ አለች። የሱዳን ምድር ባቡር ዋና መሥሪያ ቤትና ታላላቆቹ የጥገና ሥፍራዎች የተቋቋሙት በዚህች ከተማ ነው። ስለዚህ ወድ ኤል ሒለው ሐዲድ ባይደርሳትም ፥ በአጠገቧ የሚያልፈው ውሃ ወደ ባቡር ከተማ የሚጓዝ ነው።

ሐዲዱ ከሰላ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ፥ ገዳሪፍ የደረሰው በ1928 ፥ ከሰናር ጋር የተገጠመው በ1929 ነው። ስፋቱም 1067 ሚሊሜትር ነው። ይህን ቍጥር ለ12 ብናካፍለው 89 ሚሊሜትር ያህል ይደርሰናል። በእንፋሎት የሚሄዱ ትንንሽ ባቡሮችን በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር ከሚጠቀሙባቸው የሐዲድ ስፋቶች አንዱ ይኸው ነው። እንግዲህ በዚህ መሥመር ይመላለሱ የነበሩትን የእንፋሎት ባቡሮች አሳንሶ ለመሥራት ለሚመኝ ሰው ልኩ የተዘጋጀ ነው ፤ የሚቀረው ማዕድኑን መምረጥ ነው።

በገዳሪፍ ዙሪያ ያለው አገር ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ጥቍር መረሬ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ በትራክተር ሲታረስ የኖረ ስለ ሆነ ፥ እንዲህ ባለው አገር ውዳቂ ብረት አይታጣም። የተሰበረ የመንኰራኵር ዘንግ ፥ አሮጌ የውሃ ቧንቧ ፥ ያገለገለ ሽቦ ሁሉ ለሠሪው ዐይን ሀብት ይመስላል። ነገር ግን ገዢው መጀመሪያ የሚሰናከለው በብረቱ ሳይሆን በቃሉ ነው።

በአማርኛ መዳብ የምንለው ቀዩን ማዕድን ነው። ነሐስ የምንለው ግን መዳብ ከሌላ ማዕድን ጋር ቀልጦ የተቀላቀለውን ነው። ዐረብኛ ተናጋሪው በበኩሉ «ኑሓስ» ሲል መዳብን ማለቱ ነው ፤ ቢጫውን ለመለየት «ኑሓስ አስፈር» ፥ ቀዩን ለመለየት ደግሞ «ኑሓስ አሕመር» ይላል። ስለዚህ በጠረፍ ገበያ ነሐስ ፈልጎ መዳብ ፥ መዳብም ፈልጎ ቢጫውን ይዞ መመለስ አያስገርምም። አማርኛችንም ቢሆን ከመዳብና ከዚንክ የተቀላቀለውን ቢጫ ናስ ፥ ከመዳብና ከቆርቆሮ የተቀላቀለውንም ነሐስ ብለን በጥንቃቄ ካልለየን በቀር ፥ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የተለመደ ነው። አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም ፤ የሰው አካልና ሕይወት የሚጠበቅበት ነው። የትንሿ ባቡር ውሃ የሚፈላበት ጋን በብዙ ሠሪዎች ዘንድ የሚሠራው ከመዳብ ነው። መዳብ ሙቀትን ከተራ ብረት ሰባት እጥፍ ያህል አሻሽሎ ያስተላልፋል ፤ እንደ ብረትም በዝገት አይበላም። ናስ ግን በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲኖር ዚንኩ ቀስ በቀስ ይወጣና የቀረው እንደ ሰፍነግ ሆኖ ይደክማል ፤ በውጭ ደኅና መስሎ ይታያል ፥ በውስጡ ግን አቅም የለውም። ስለዚህ በጋኑ ላይ የሚበየዱት ማያያዣዎች ከነሐስ እንጂ ከናስ መሠራት የለባቸውም። መገጣጠሚያውም በብር ብየዳ መያያዝ ይገባዋል። የስድስት ባር ግፊት ያለው እንፋሎት 165 ዲግሪ ያህል ይሞቃል ፤ የእርሳስና የቆርቆሮ ብየዳ ደግሞ በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራልና ፥ ከዚያ በፊት ጕልበቱን ያጣል።

ፒስቶን ለሚመላለስበት ሲሊንደር ነሐስ ወይም በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ይመረጣል። የፈሰሰው ብረት በውስጡ ያለው ግራፋይት ስለሚያለሰልሰው መፋተግን ይችላል ፤ እርጥብ ሆኖ ሳይሠራ ከተቀመጠ ግን ይዝጋል። ነሐስ አይዝግም። የብረት ዘንግ በብረት ውስጥ ከሚዞር ይልቅ በነሐስ ውስጥ ቢዞር ይሻላል ፤ አንድ ዐይነት የሆኑ ሁለት ማዕድኖች ሲፋተጉ የመያያዝ ጠባይ አላቸውና።

ከትራክተር የወጣ ዘንግ ሲገኝ በሞረድ መሞከር ነው። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ብረቱ የጠነከረ ነውና በትንሽ ቶርኖ ለመቅረጽ ያስቸግራል። በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ላይ ሲነካ ረጅምና ቅርንጫፉ ጥቂት የሆነ ፍንጣሪ የሚሰጠው ለስላሳ ብረት ነው ፤ እንደ አበባ የሚፈነዳ ብዙ ፍንጣሪ የሚሰጠው ካርቦን የበዛበት ነው። መዳብና ነሐስ ፍንጣሪ አይሰጡም ፥ ማግኔትም አይስባቸውም። የጠነከረውን ብረት ለማለስለስ እስኪቀላ አግሎ በዐመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ያስፈልጋል። መዳብ ግን ከጋለ በኋላ ውሃ ውስጥ ቢነከርም ይለሰልሳል። አንዱን በሌላው ሥርዐት የሚሠራ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ለመንኰራኵርና ለዘንግ ውዳቂውን ፈትኖ መጠቀም ቍጠባ ነው። ለጋኑ ግን ምንጩ የታወቀ አዲስ መዳብ መግዛት ግዴታ ነው እንላለን። ተሠርቶም ሲያልቅ እሳት ከመንደዱ አስቀድሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ አየሩን ማስወጣትና በሥራው ግፊት እጥፍ መፈተን ይገባል። ውሃ እንደ እንፋሎት ታምቆ ስለማይቀመጥ ፥ ጋኑ ቢሰነጠቅ ውሃው ይፈሳል እንጂ አይፈነዳም። በዚህ ፈተና የወደቀ ጋን የሚያሳጣን መዳቡን ብቻ ነው ፤ ሳይፈተን እሳት ላይ የተጣደ ግን በዙሪያው የቆሙትን ሕፃናት ሊያሳጣን ይችላል።