ቦይለሩና የሰሜኑ ግድግዳ

ኅዳር 4፣ ሰመርቪል፣ ማሳቹሴትስ

ዛሬ ባለሙያው መጣ። ቦይለራችን ብዙም ያላረጀ፣ በጋዝ የሚሠራ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። የውጭውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ግን ከነፌስታሉ ከመመሪያው ጋር ቱቦ ላይ ታስሮ ቀርቷል። የተከለው ሰው ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ትቶት ሄደ መሰለኝ፤ ግድግዳ መብሳትና ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች መጎተት ይጠይቃላ። ቦይለሩም ውጭ 50 ፋራናይት ሆነ 10፣ ውሃውን እኩል 180 ዲግሪ እያደረሰ ወደ ራዲያተሮቹ ሲልክ ከረመ። የአሜሪካ ኢነርጂ ሕግ በ2007 ሲወጣ፣ ከሴፕቴምበር 2012 ጀምሮ የሚመረቱ የቤት የሙቅ ውሃ ቦይለሮች የውሃውን ሙቀት እንደ ፍላጎቱ በራሳቸው የሚያስተካክሉ እንዲሆኑ አዟል። ዕቃው ተሟልቶ ይሸጣል፤ ሽቦውን የሚያገናኝ ሰው ግን ሕጉ አብሮ አይልክም።

ባለሙያው ቤቱን ዞሮ ለሴንሰሩ የሰሜኑን ግድግዳ መረጠ። ፀሐይ ካገኘው ቦይለሩ ጸደይ የገባ ይመስለዋል። ከልብስ ማድረቂያው አየር ማስወጫ በላይ ከተሰቀለ ደግሞ ልብስ በታጠበ ቁጥር ቤቱ ይቀዘቅዛል።

ኅዳር 9

ውጭ 50 ሲሆን ውሃው 100፣ ውጭ 10 ሲሆን 160 እንዲሆን ተሞልቷል። በመካከል ያለውን ራሱ ያሰላል። ዛሬ ጧት ውጭ 30 ነበር፤ ሰሌዳው ላይ 130 ተነበበ።

የዚህ ቦይለር ትርፍ ያለው ጭሱ ውስጥ ነው። ጋዝ ሲነድ እንፋሎት ይፈጠራል። ከራዲያተር የሚመለሰው ውሃ ከ130 ፋራናይት (54 ሴልሺየስ ገደማ) በታች ከሆነ፣ እንፋሎቱ እዚያው ቦይለሩ ውስጥ ውሃ ይሆንና የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ያ ሙቀት በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ቆጣቢ ተብሎ በውድ የተገዛ ቦይለር ሁልጊዜ በ180 ከሠራ ከተራው እምብዛም አይሻልም፤ ለእኔ ገንዘብ ማባከን ነው። የቦስተን የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት 30 አካባቢ ስለሆነ፣ በዚህ አሞላል አብዛኛውን ክረምት የምናተርፍበት ክልል ውስጥ ነን።

ቤዝመንት ስወርድ ቀጭኗ የፕላስቲክ ቱቦ ጠብ ጠብ ትላለች። ከጭሱ የወጣው ውሃ አሲድነት ስላለው የእብነ በረድ ጠጠር በሞላበት ዕቃ አልፎ ነው ወደ ፍሳሽ የሚገባው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ተከራያችን አይቶ “ቦይለርህ ያፈሳል” አለኝ። ያፍስስ፣ ድሮ በጭስ ማውጫ ይወጣ የነበረ ገንዘባችን ነው አልኩት።

ኅዳር 16

እናቴ ደብረ ብርሃን ስላደገች ብርድ አስተምሩኝ አትልም። በኮሪደሩ ስታልፍ ራዲያተሩን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ፣ “ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠፍቷል” አለች። ቴርሞስታቱ 69 ይላል፤ ቤቱ ይሞቃል፤ ብረቱ ግን ለብ ያለ ብቻ ነው። ድሮ እጅ እስኪያቃጥል ይግልና ይጠፋ ነበር፤ ቱቦውም ሌሊት ሲንኳኳ ያድር ነበር። አሁን ለብ እንዳለ ያለማቋረጥ ይሠራል። ይህን ስነግራት፣ “እንደ ወጥ ነዋ! እሳቱን ቀነስ፣ ጊዜውን ረዘም” ብላ ጨረሰችው።

ቴርሞስታቱን ሌሊት 60 አድርጎ ንጋት ላይ 70 መጠየቅ ግን ከዚህ ጋር አይሄድም። ለብ ባለ ውሃ አሥር ዲግሪ ለመመለስ ረፋዱ ሁሉ ይሄዳል። ሌሊት በሁለት ዲግሪ ብቻ ዝቅ አደርገዋለሁ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል። የዶሮው ምድጃ፣ የቡናው ከሰል፣ የሰዉ ትንፋሽ። ውጭ ያለው ሴንሰር ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የሚያውቀው ብርዱን ብቻ ነው። ሳሎን ያለው ቴርሞስታት ነው በቃ ብሎ ያስቆመው። ሴንሰሩ ውሃው ምን ያህል ይሙቅ የሚለውን ይወስናል፤ የቤቱ ሙቀት መጠኑን ሲያልፍ የሚያቆመው ቴርሞስታቱ ነውና አንዱ ሌላውን አይተካም። የገላ መታጠቢያ ውሃም አልቀዘቀዘም፤ የሙቅ ውሃው ታንክ ሲጠይቅ ቦይለሩ የሴንሰሩን ትእዛዝ ለጊዜው ትቶ ውሃውን ከፍ ያደርጋል።

አንድ እንግዳችን የእኔም ቦይለር ይስተካከልልኝ አለ። የእሱ የድሮ ብረት፣ በዘይት የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው ቦይለር የሚመለስለት ውሃ በጣም ከቀዘቀዘ ጭሱ ብረቱ ላይ ውሃ ይሆንና ያዝገዋል፤ ጭስ ማውጫውንም ይበላል። ሴንሰር ይገጠምለታል፣ ግን ዝቅተኛ ወሰን ወይም ማደባለቂያ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ባለሙያ ሳያየው እንዳትነካው ብዬዋለሁ።

ጥር 20

ላይኛውን 160 ወደ 150 አወረድኩት። ራዲያተሮቹ የተሠሩት መስኮቱ ባለ አንድ መስታወት፣ ግድግዳውም ውስጡ ባዶ በነበረ ጊዜ ስለሆነ ለዛሬው ቤት ይተርፋሉ። በስተ ሰሜን ያለው መኝታ ቤት ሲበርደው 155 ላይ አቆምኩት።

ቦይለር ላላችሁ፦ ይህን ማስተካከል በብርዱ ወራት ነው። በኤፕሪል የሚመጣ ባለሙያ የሚሞክርበት ብርድ የለውም። አሁን ጥሩት፤ በትንሽ በትንሹ ዝቅ እያደረጋችሁ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ።